በላቲን ዐረፍተ ነገር ስለ ማበላለጫ ቅጽል አገባብ

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው ቃላትን በመሰብሰብ ነው። ቃላቱን ከሰበሰበ በኋላ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሳይፈታለት ይቀራል፤ አንዱን ቃል ከሌላው ጋራ የሚያያይዘውን አገባብ አላጠናምና። በቅኔ ቤት ያለፉ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ግሡን በቃሉ የያዘ ተማሪ አገባቡን ካልተማረ መጽሐፍ አይገለጥለትም።

የላቲን ቋንቋም እንዲሁ ነው። የምዕራብ አበው ድርሳናቸውን የጻፉት፥ በ4ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ሄሮኒሞስ ወንጌልን ያረመውና ብሉይን የተረጎመው በዚህ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ የሃይማኖትን ክርክር ታሪክ የሚመረምር ሰው ከላቲን ጋራ መገናኘቱ አይቀርም። በተገናኘም ጊዜ ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ «ይበልጣል»፥ «ያንሳል»፥ «ይሻላል» የሚባልበት አነጋገር ነው። አንዲት «ይበልጣል» የምትል ቃል በአርዮስ ዘመን ምን ያህል ክርክር እንዳስነሣች የማያውቅ የለም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ይህ ማበላለጫ ቅጽል እንዴት እንደሚወጣ፥ በዐረፍተ ነገርም ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በየተራው እንመለከታለን። የላቲኑን ቃል ሁሉ አንባቢው በቀላሉ ያጠናው ዘንድ በፊደላችን ጽፈነዋል።

1ኛ/ ስለ ቅጽሉ አወጣጥ

ላቲን ቅጽልን በሦስት ደረጃ ይናገራል። አልቱስ ማለት ከፍ ያለ ማለት ነው፤ አልቲዮር ማለት ይልቁን ከፍ ያለ፥ አልቲሲሙስ ማለት ደግሞ ከሁሉ ከፍ ያለ ወይም እጅግ ከፍ ያለ ማለት ነው። የምንማረው ስለ መካከለኛው ደረጃ ነው።

አወጣጡ እንደሚከተለው ነው። የቅጽሉን የዘርፍ መልክ ወስዶ መድረሻውን ማንሣት፥ በምትኩም ለተባዕትና ለአንስት ፆታ «ኢዮር»፥ ለግዑዝ ፆታ «ኢዩስ» መጨመር ነው። አልቱስ በዘርፍ አልቲ ይባላል፤ መድረሻው ሲነሣ «አልት» ይቀራል፤ ከዚህም አልቲዮርና አልቲዩስ ይወጣሉ። ፎርቲስ (ብርቱ) ፎርቲዮር፥ ፎርቲዩስ ይላል። ዶክቱስ (የተማረ) ዶክቲዮር፥ ዶክቲዩስ ይላል። ፑልኬር (ውብ) በዘርፍ ፑልክሪ ስለሚል ማበላለጫው ፑልክሪዮር ነው እንጂ ፑልኬሪዮር አይባልም። ሚሴር (ምስኪን) ግን በዘርፍ ሚሴሪ ስለሚል ሚሴሪዮር ይባላል። በዚህ የተነሣ ተማሪው ቅጽሉን ሲያጠና ዘርፉንም አብሮ ሊያጠና ይገባዋል።

አልቲዮር የሚለው ቃል ሲረባ በነጠላ ለዘርፍ አልቲዮሪስ፥ ለተቀባይ አልቲዮሪ፥ ለተሳቢ አልቲዮሬም፥ ለመነሻ አልቲዮሬ ይላል። በብዙ ባለቤቱ አልቲዮሬስ፥ ዘርፉ አልቲዮሩም፥ ተቀባዩና መነሻው አልቲዮሪቡስ ይሆናል። ግዑዙ ፆታ በነጠላ ባለቤትና ተሳቢ አልቲዩስ፥ በብዙ አልቲዮራ ይላል። መነሻ ያልነው ላቲኖች አብላቲቩስ የሚሉትን ነው፤ ነገር ከምን እንደሚነሣ፥ በምን እንደሚደረግ የሚያመለክት የስም መልክ ነውና።

ከዚህ ሥርዐት የወጡ ጥቂቶች አሉ፤ ነገር ግን በመጻሕፍት ከሁሉ አብዝተው የሚገኙት እነርሱ ስለ ሆኑ በቃል ሊያዙ ይገባል። ቦኑስ (መልካም) ሜሊዮር ይላል። ማሉስ (ክፉ) ፔዮር ይላል። ማግኑስ (ታላቅ) ማዮር ይላል። ፓርቩስ (ታናሽ) ሚኖር ይላል። ሙልቱስ (ብዙ) በነጠላ ፕሉስ ይላል፤ ይህም እንደ ስም ሆኖ ዘርፍ ያስከትላል፤ ፕሉስ ቪኒ ማለት ብዙ የሚበልጥ ወይን ማለት ነው። በብዙ ግን ቅጽል ሆኖ ፕሉሬስ ሊብሪ፥ የሚበዙ መጻሕፍት፥ ይባላል። ልጆቻችን በሒሳብ ትምህርት ዕለት ዕለት የሚያነሧቸው ፕላስና ማይነስ የተባሉት ምልክቶች ከእነዚህ ከፕሉስና ከሚኑስ የመጡ ናቸው፤ ትርጉማቸውም «የሚበዛ»ና «የሚያንስ» ማለት ነው። ሲኒየርና ጁኒየር የሚባሉትም ማዕረጎች እንዲሁ የላቲን ማበላለጫ ቅጽሎች ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጥና በዕድሜ የሚያንስ ማለት ነው።

በመድረሻው ከ«ዩስ» በፊት ድምፅ ሰጪ ፊደል ያለው ቅጽል ግን ብዙ ጊዜ መልኩን አይለውጥም፤ ማጊስ የሚለው ቃል ይጨመርለታል። ኢዶኔዩስ ተስማሚ ማለት ነው፤ ማጊስ ኢዶኔዩስ ይልቁን ተስማሚ ማለት ነው።

2ኛ/ በ«ኳም» ስለ ማበላለጥ

ላቲን ሁለት ነገሮችን የሚያበላልጥበት መንገድ ሁለት ነው። መጀመሪያው ኳም በሚለው ቃል ነው። ሞንስ አልቲዮር ኤስት ኳም ኮሊስ፤ ይህም ተራራ ከኮረብታ ይልቅ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ቴምፕሉም አልቲዩስ ኤስት ኳም ዶሙስ፤ ይህም ቤተ መቅደስ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። በሁለተኛው ምሳሌ አልቲዩስ የተባለው ቴምፕሉም ግዑዝ ፆታ ስለ ሆነ ነው። ቅጽሉ በፆታና በቍጥር የሚስማማው ከሚበልጠው ጋራ ነው፤ የሚበለጠውን አይከተልም።

በኳም ጊዜ ሊጠበቅ የሚገባው ሕግ ከኳም በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱ ስሞች በአንድ መልክ መቆማቸው ነው። ፊተኛው ባለቤት ከሆነ ኋለኛውም ባለቤት፥ ፊተኛው ተሳቢ ከሆነ ኋለኛውም ተሳቢ ይሆናል። ይህ ሕግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ትርጉሙን በሙሉ የሚለውጥበት ጊዜ አለ።

በአማርኛ «መምህሩ ከአባቱ ይልቅ ልጁን ይወዳል» ብንል ሁለት ነገር ሊሰማ ይችላል። አባት ልጁን ከሚወደው ይልቅ መምህሩ አብልጦ ይወደዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መምህሩ አባትየውን ከሚወደው ይልቅ ልጁን አብልጦ ይወዳል ማለት ሊሆን ይችላል። ላቲን ግን ይህን በአንድ ፊደል ይለየዋል። ማጊስቴር ፊሊዩም ማጊስ አማት ኳም ፓቴር ሲል ፓቴር ባለቤት ነውና አባትም ወዳጅ ነው ማለት ነው። ኳም ፓትሬም ሲል ግን ፓትሬም ተሳቢ ነውና አባት ተወዳጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ላቲን የሚያነብ ሰው ከኳም በኋላ ያለውን ቃል መድረሻ ሳይመረምር ሊተረጉም አይገባውም።

3ኛ/ ያለ «ኳም» በመነሻ ስለ ማበላለጥ

ሁለተኛው መንገድ ኳምን ትቶ የሚበለጠውን ስም በመነሻ መልክ ማቆም ነው። ሞንስ አልቲዮር ኤስት ኮሌ፤ ትርጉሙ ከፊተኛው አልተለየም። ኮሊስ ወደ ኮሌ ስለ ተለወጠ ኳም አላስፈለገም። እንዲሁም ቴምፕሉም አልቲዩስ ኤስት ዶሞ ይባላል።

ይህ መንገድ ለአውሮፓ ተማሪዎች እንግዳ ይመስላቸዋል፤ ለእኛ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ግእዝ «ዝንቱ ደብር የዐቢ እምዝክቱ ደብር» ሲል «እም» የሚለው አገባብ መነሻ ነው፤ «እምቤት ወጽአ» ስንል የምናውቀው ያው «እም» ነው። አማርኛም «ከቤት ወጣ» በሚልበት «ከ» «ከኮረብታ ይበልጣል» ይላል። ዕብራይስጥም «ሚን» በሚለው ቃል እንዲሁ ያደርጋል። የዚህ ሁሉ ምስጢር አንድ ነው። ነገር ሲመዘን ሚዛኑ ከአንድ ስፍራ ይነሣል፤ ከኮረብታው ተነሥተን ብንለካ ተራራው ከዚያ ወዲያ አልፎ ይገኛል። ላቲን ይህን መነሻ የሚያመለክተው በስሙ መድረሻ ነው፤ እኛ ደግሞ በፊት በምትቀጠል ፊደል እናመለክተዋለን።

ዳሩ ግን ዝምድናው እንዳያስትን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፥ እኛ «ከ» ማለት ስለ ለመድን በላቲንም ኤክስ ወይም ዴ የሚሉትን አገባቦች ልንጨምር እንፈተናለን። በጥሩ ላቲን ይህ አይደረግም፤ መድረሻው ብቻውን ይበቃዋል። ሁለተኛ፥ ይህ መንገድ የሚፈቀደው ፊተኛው ስም ባለቤት ወይም ተሳቢ ሲሆን ነው። በተቀባይ መልክ የቆሙ ሁለት ስሞች ሲበላለጡ ግን ኳም ግዴታ ነው። ማጊስቴር ዲስኪፑሎ ማዮሪ ፕሉራ ዳት ኳም ሚኖሪ፤ ይህም መምህሩ ለታናሹ ደቀ መዝሙር ከሚሰጠው ይልቅ ለታላቁ አብዝቶ ይሰጣል ማለት ነው። ማዮሪና ሚኖሪ ሁለቱም ተቀባዮች ናቸውና ኳም በመካከላቸው ቆመ።

ከትርጉም የተነሣ የገባ ሌላ መንገድም በቤተ ክርስቲያን ላቲን ይገኛል። በመዝሙር 18 የእግዚአብሔር ፍርድ ከወርቅና ከማር ጋራ በተነጻጸረበት ስፍራ የላቲኑ መዝሙር ከማበላለጫው ቅጽል በኋላ ሱፐር የሚል ቃል አስገብቷል፤ ሱፐር በላይ ማለት ነው። ይህ የሮማውያን የቀድሞ አነጋገር አይደለም። ዕብራይስጡ «ሚን» ያለውን የጽርእ ተርጓሚዎች ሂፔር አሉት፤ ጽርኡን የተከተለው ላቲንም ሱፐር አለው። ግእዙ በዚያው ስፍራ «እም» ስለሚል ለዕብራይስጡ አነጋገር ከላቲኑ ይልቅ የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

4ኛ/ በስንት ይበልጣል? በምን ይበልጣል?

የመብለጡን መጠን ለመናገር ላቲን ያንኑ የመነሻ መልክ ይጠቀማል። ሙልቶ አልቲዮር ማለት በብዙ የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ ፓውሎ አልቲዮር ማለት በጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ያለው ማለት ነው። ቱሪስ ዴኬም ፔዲቡስ አልቲዮር ኤስት ሙሮ፤ ይህም ግንቡ ከቅጥሩ በ10 ጫማ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ሁለት መነሻዎች አሉ፤ ፔዲቡስ መጠኑን ይናገራል፥ ሙሮ የሚበለጠውን ይናገራል። ጀማሪ ተማሪ ሁለቱን አቀላቅሎ «ከ10 ጫማ ይበልጣል» እንዳይል ይጠንቀቅ። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 1 ቍጥር 4 ወልድ ከመላእክት እንደሚበልጥ በተናገረበት ቃል በላቲን እነዚህ ሁለት መነሻዎች አብረው ይገኛሉ፤ ታንቶ (በዚህን ያህል) መጠኑን፥ አንጄሊስ (ከመላእክት) የሚበለጡትን ያሳያል።

ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በምን ይበልጣል የሚለው ነው። ማዮር ናቱ ማለት በልደት የሚበልጥ፥ ማለትም በዕድሜ ታላቅ፥ ማለት ነው። ናቱ የሚለው ቃል መብለጡ በምን በኩል እንደ ሆነ ይወስነዋል፤ በዕውቀት ወይም በብርታት ይበልጣል አላለምና። እንዲህ ያለ ወሳኝ ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር በምን በኩል እንደ ሆነ የሚናገረው ሰዋስው ሳይሆን የነገሩ ዐውድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

5ኛ/ የሚበለጠው ሳይነገር ሲቀር

አንዳንድ ጊዜ ማበላለጫው ቅጽል ብቻውን ቆሞ ይገኛል፤ ኳምም የለ፥ መነሻም የለ። በዚህ ጊዜ ሦስት አፈታት አለው።

ሀ/ ሁለት ነገሮች ብቻ ሲሆኑ ላቲን ማበላለጫውን ይመርጣል። ዱዎ ፍራትሬስ ሱንት፤ ማዮር ሞናኩስ ኤስት፥ ሚኖር አግሪኮላ። ሁለት ወንድማማች አሉ፤ ታላቁ መነኩሴ ነው፥ ታናሹ ገበሬ ነው። ሦስት ቢሆኑ ኖሮ ማክሲሙስና ሚኒሙስ ይባል ነበር። ግእዝና አማርኛ ለሁለቱም ለብዙውም በአንድ ቃል ስለሚናገሩ ወደ ላቲን የሚተረጉም ሰው አስቀድሞ ነገሮቹን ይቍጠር። በጥሩ ላቲን ሕጉ ይህ ነው፤ ሆኖም በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥13 ሃይማኖትና ተስፋ ፍቅርም ሦስት ሆነው ሳሉ የላቲኑ ትርጉም ስለ ፍቅር ማዮር ይላል። ይህም የሆነው በዘመኑ የነበረው ጽርእ ማበላለጫውን ለሦስትም ይጠቀምበት ስለ ነበር ላቲኑ እርሱን ስለ ተከተለ ነው።

ለ/ ሁለተኛው አፈታት «እጅግ» ወይም «ከልክ ጥቂት ያለፈ» የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ መካከል ቆሞ የሰዎቹን አምልኮ በተናገረበት ቃል (የሐዋርያት ሥራ 17፥22) ላቲኑም ጽርኡም ማበላለጫ ቅጽል አላቸው፤ ከማን እንደሚበልጡ ግን አልተነገረም። ስለዚህ አንዳንዱ አማልክትን እጅግ ፈሪዎች ናችሁ ብሎ እንደ ምስጋና፥ አንዳንዱ በአምልኮ ከልክ ያለፋችሁ ናችሁ ብሎ እንደ ተግሣጽ ይፈታዋል።

ሐ/ ሦስተኛው አፈታት የሚበለጠው በፊት ስለ ተነገረ አንባቢው እንዲያመጣው የተተወ ነው። በማቴዎስ 11፥11 ስለ መጥምቁ ዮሐንስ በተነገረው ቃል «የሚያንሰው» የሚለው በላቲን ሚኖር ነው። «ከሁሉ የሚያንሰው» ብሎ የሚፈታው አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ከዮሐንስ የሚያንሰው ብሎ፥ ይህም በዕድሜና በብዙዎች ግምት ያነሰ ይመስል የነበረው ክርስቶስ ራሱ ነው ብሎ ተርጕሞታል። ሁለቱም አፈታት ከሰዋስው ሕግ አልወጣም።

6ኛ/ ይህ ትምህርት በመጻሕፍት ትርጓሜ ያለው ጥቅም

ጌታችን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጴጥሮስን ከእነዚህ ይልቅ ይወደው እንደ ሆነ ጠየቀው (ዮሐንስ 21፥15)። ላቲኑ ፕሉስ ሂስ ይላል። ሂስ «እነዚህ» የሚለው ቃል መነሻ ነው፤ ለሦስቱም ፆታ አንድ ነው። ስለዚህ ሦስት ትርጉም ይሸከማል። እነዚህ ደቀ መዛሙርት ከሚወዱኝ ይልቅ፥ ወይም እነዚህን ደቀ መዛሙርት ከምትወዳቸው ይልቅ፥ ወይም እነዚህን ነገሮች፥ ጀልባውንና መረቡን፥ ከምትወድ ይልቅ ማለት ይሆናል። ተርጓሚው ኳም ሂ ቢል ፊተኛውን፥ ኳም ሆስ ቢል ሁለተኛውን፥ ኳም ሃይክ ቢል ሦስተኛውን ብቻ በመረጠ ነበር። ጽርኡ ያልወሰነውን እርሱም ሳይወስን አሳለፈው። የእኛም «ከእነዚህ ይልቅ» እንደዚያው ክፍት ነው። ጴጥሮስ አስቀድሞ ሁሉ ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም ማለቱን (ማቴዎስ 26፥33) የሚያስብ ሰው ወደ ፊተኛው ትርጉም ያዘነብላል። ይህን የሚያሳየው ግን ዐውዱ ነው።

አሁን በ4ኛው ክፍል ወደ ተናገርነው ነጥብ እንመለስ። በዮሐንስ 14፥28 ጌታችን አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ ተናገረ። ላቲኑ ማዮር የሚለውን ቅጽልና ሜ የሚለውን መነሻ ይዟል። ከማን ለሚለው ጥያቄ መልስ ተሰጠ፤ በምን ለሚለው ግን በቃሉ ውስጥ ወሳኝ አልተቀመጠም። አርዮሳውያን ይህን ባዶ ስፍራ «በባሕርይ» በሚል ቃል ሞሉት፤ ወልድንም ፍጡር አሉት። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ ነው ብለው ይህን ትምህርት አወገዙ። ከጉባኤው በኋላ ግን ክርክሩ ብዙ ዘመን ቈየ።

ቅዱስ አትናቴዎስ በአርዮሳውያን ላይ በጻፈው ድርሳን ከቅጽሎቹ ልዩነት ተነሥቶ መለሰ። በጽርእ ሜይዞን (የሚበልጥ) እና ክሬይቶን (የሚሻል) ሁለት ቃላት ናቸው፤ በላቲንም ማዮርና ሜሊዮር እንዲሁ ይለያያሉ። ለዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ወልድን ከመላእክት ጋራ ሲያነጻጽር የተናገረው ሁለተኛውን ነው፤ ባሕርያቸው የተለያየ ነውና። ጌታችን ስለ አብ ሲናገር ግን ፊተኛውን ተናገረ፤ ይኸውም ወልድ ከአብ ባሕርይ የተለየ እንዳይመስል፥ ከአብ መወለዱም እንዲታወቅ ነው ሲል አትናቴዎስ ያስተምራል። ከላቲን ጸሐፊዎች ወገን አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ «በምን?» የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፥ በነሣው በባርያ መልክ አብ ይበልጠዋል፥ በአምላክነት መልክ ግን ትክክል ነው ብሎ መለሰ። ሁለቱም አበው የቅጽሉን ሕግ አላፈረሱም፤ ቅጽሉ ዝም ያለበትን ስፍራ ለይተው ዐውቀው መልሱን ከመጻሕፍት ሁሉ ስምምነት ፈለጉ እንጂ።

7ኛ/ መልመጃ

አንባቢ የተማረውን ይፈትን ዘንድ እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ወደ ላቲን ይመልስ። ቃላቱ ፍሉሜን (ወንዝ፥ ግዑዝ ፆታ)፥ ላቱስ (ሰፊ)፥ ፎንስ (ምንጭ፥ መነሻው ፎንቴ)፥ ሊቤር (መጽሐፍ)፥ ሎንጉስ (ረጅም)፥ ኤፒስቱላ (ደብዳቤ)፥ ሌጊት (ያነባል) ናቸው።

አንደኛ፥ ወንዙ ከምንጩ ይልቅ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፥ መጽሐፉ ከደብዳቤው በብዙ ይረዝማል። ሦስተኛ፥ ከሁለቱ ደቀ መዛሙርት ይልቁን የተማረው ያነባል።

መልሱ ይህ ነው። ፍሉሜን ላቲዩስ ኤስት ፎንቴ፤ ወይም ኳም ፎንስ። ላቲዩስ ያልነው ፍሉሜን ግዑዝ ስለ ሆነ ነው። ሊቤር ሙልቶ ሎንጊዮር ኤስት ኳም ኤፒስቱላ፤ ያለ ኳምም ይቻላል፤ ነገር ግን የኤፒስቱላ ባለቤቱና መነሻው በጽሕፈት አንድ ስለ ሆነ ለጀማሪ ኳም ማስገባቱ ይሻለዋል። ዶክቲዮር ዲስኪፑሉስ ሌጊት፤ ሁለት ስለ ሆኑ ማበላለጫው በቂ ነው።

እንግዲህ ማበላለጫ ቅጽል ባጋጠመን ጊዜ ሁሉ ሦስቱን ጥያቄ በተራ እንጠይቅ። ከማን? በስንት? በምን? የፊተኛውን መልስ ኳም ወይም መነሻው ይሰጠናል፤ የሁለተኛውን የመጠኑ ቃል ይሰጠናል። ሦስተኛው መልስ በቃሉ ካልተገኘ በራሳችን አሳብ ለመሙላት አንቸኵል፤ ከላይና ከታች ያለውን አንብበን፥ አበው ያሉትን ጠይቀን፥ ከዚያ በኋላ እንተርጕም።